ዒላማን ስለ መሳት

በ1457 (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የስኮትላንድ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ከመማክርቱ ጋር ተቀምጦ ካወጣቸው ድንጋጌዎች አንዱ፥ ሕዝቡ የእግር ኳስንና የጎልፍን ጨዋታ ፈጽሞ እንዲተው የሚያዝ ነበረ። ምክንያቱም ጨዋታው በራሱ ርኩስ ነው የሚል አልነበረም፤ ጎረምሳው ሁሉ ዱላውን ይዞ በሣር ላይ ትንሽ ኳስ ሲያሳድድ ስለሚውል፥ ከእንግሊዝ ሠራዊት ፊት በቆመ ጊዜ ነፍሱንና አገሩን የሚያድንበትን የቀስት ልምምድ ቸል ብሏል የሚል ነበረ እንጂ። አዋጁ በልጁ ዘመን በ1471፥ በልጅ ልጁም ዘመን በ1491 ዳግመኛ መነገሩ የፊተኛውን ሰው ሁሉ እንዳልሰማው ያስረዳል፤ ይባስ ብሎም ያው የመጨረሻውን አዋጅ ያስነገረው ራብዓዊ ጄምስ፥ ከእንግሊዝ ጋር የሰላም ውል በተዋዋለበት በ1502፥ ከፐርዝ ከተማ የጎልፍ ዱላ አስገዝቶ ዋጋውን ከግምጃ ቤቱ ከፍሏል። ዱላውን የሸጠለትም ሰው በሙያው ቀስት ሠሪ ነበረ።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ፈገግ ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ እኔ ግን ከቀስት ሠሪው ዘንድ ቆምሁ። ያ ሰው በአንድ እጁ የታዘዘውን፥ በሌላው የተከለከለውን የሚሠራ ቢመስልም፥ ሁለቱ ሥራዎች አንድ መሆናቸውን ከነገሥታቱ ይልቅ እርሱ ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ሁለቱም፥ ከእጅ ወጥቶ በሩቅ ወደ ታሰበ ስፍራ የሚሄድን ነገር፥ ገና ከእጅ ሳይወጣ ማቅናት ናቸውና። ከወጣ በኋላ ለፍላጻም ለኳስም ተግሣጽ የለም። ስለዚህ የቀስተኛውም የጎልፍ ተጫዋቹም ተስፋ ሁሉ በልምምድ ላይ ይወድቃል፤ ሰው አንድን ሥራ እየደጋገመ ሲሠራው በእርግጥ እየተሻለው ይሄዳል፥ ወይስ በነበረበት ስሕተት ላይ እየጸና ይሄዳል የሚለው ጥያቄም የሜዳ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጥያቄ ነው።

ለዚህ የቋንቋ ምስክር አለኝ። በሐዲስ ኪዳን የግሪክ መጽሐፍ ለኃጢአት የሚነገረው ቃል ‹‹ሐማርቲያ›› ሲሆን፥ የዚሁ ቃል ግስ በጥንቱ ባለቅኔ በሆሜር ዘንድ ጦር ወርውሮ ለሳተ ጀግና ይነገራል። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት በ20ኛው ምዕራፍ፥ ድንጋይ ወንጭፈው ጠጕርን እንኳ ስለማይስቱ 700 ግራኝ ብንያማውያን ሲተረክ፥ አለመሳታቸውን ለመናገር የገባው ግስ ኃጢአት መሥራትን የሚያመለክተው ያው ግስ ነው። የእኛም ግእዝ ከዕብራይስጡ ጋር አንድ ሥር ያለውን ቃል ይዞ ‹‹ኀጥአ›› ሲል፥ በደለ ማለትም ነው፥ የፈለገውን አላገኘም ማለትም ነው፤ ዘወትር በአማርኛ የምንናገረው ‹‹አጣ›› የዚሁ ግስ ልጅ ነው። እንግዲህ ኃጥእ በቃሉ ጥንተ ትርጕም ያጣ ሰው ነው። ገበያ ወርዶ ጨው ያጣ ሰውና በነፍሱ ጽድቅን ያጣ ሰው በአንድ ግስ መጠራታቸው ለእኔ ታላቅ ምሥጢር ሆኖ ይታየኛል፤ ያጣውን ነገር ያወቀ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ይፈልገዋል፥ ማጣቱን ያላወቀ ግን ባዶ አገልግሉን ተሸክሞ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል።

ጎልፍን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ኳሷ ከ45.93 ግራም አትከብድም፥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቷም ከ42.67 ሚሊሜትር አያንስም፤ የምትገባበት ጕድጓድ አፉ 108 ሚሊሜትር ነው፤ ተጫዋቹም ከ14 የማይበልጡ ዱላዎች ይዞ 18 ጕድጓዶችን በየተራ በተቻለው መጠን በጥቂት ምት ለመጨረስ ይጥራል። ይህ ጨዋታ ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር በዱላው ቢመሳሰልም በአንድ ነገር ይለያል። በገና ጨዋታ ሩሯ ዕረፍት የላትም፤ ባላጋራ ይነጥቃል፥ ጓደኛ ይደናቀፋል፥ አቧራ ይነሣል፥ ስለዚህም የሳተ ሰው የሚያመካኝበት አያጣም። በጎልፍ ግን ኳሷ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የሚነጥቃት የለም፥ የሚገፋው የለም፥ የሚያቻኵለው የለም፤ ያሉት የሰውየው ፈቃድና የሰውየው ክንድ ብቻ ናቸው። ፈቃዱ ኳሷ ወደዚያ እንድትሄድ በሙሉ ኀይሉ ይሻል፤ ክንዱም የሌላ ሰው ክንድ አይደለም፤ ኳሷ ግን ወደ ሌላ ትሄዳለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ፥ የሚወደውን በጎ ነገር ትቶ የማይወደውን ስለ ማድረጉ የተጨነቀበትን ምሥጢር፥ ያለ መጻሕፍት መምህር በዐሥር ደቂቃ ሊረዳው የሚወድ ሰው ቢኖር፥ አንድ ዱላና አንድ ኳስ ይሰጡት።

እኔ ለዚህ ትምህርት የበቃሁት ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋሽንግተን ከተማ፥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ኢስት ፖቶማክ በሚባለው የሕዝብ የጎልፍ ሜዳ፥ ታክሲ እየነዳ ልጆቹን የሚያሳድግ አንድ ወጣት የአገሬ ልጅ ከሥራ መልስ ይወስደኝ ነበርና፥ በመለማመጃው ስፍራ እያንዳንዳችን አንድ ቅርጫት ኳስ እየገዛን እንመታ ነበር። ያን ስፍራ ላላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰዎቹ እያንዳንዳቸው በየምንጣፋቸው ላይ በአንድ ረድፍ ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ፥ አንዱ ለሌላው ሳይናገር፥ ሁሉም አንዷን ዱላ ይዞ አንዱን ምት ወደ አንድ አቅጣጫ፥ ኳስ በኳስ ላይ እያስከተለ ቅርጫቱ እስኪራቈት ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ኳሶች ወዲያና ወዲህ ይበተናሉ፤ ከሠላሳዎቹ በኋላ ክንድ ይሞቃል፥ ወገብ ይፍታታል፤ ስድሳኛዋና ሰባኛዋ ኳስ እንደ ታማኝ መልእክተኛ በቀጥታ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ልብ ይሞላል፥ ‹‹ዛሬስ ያዝሁት›› ይባላል። እኔም ብዬአለሁ። በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ እውነተኛው ሜዳ ወጥተን ከመጀመሪያው ጕድጓድ አንጻር ስቆም ግን ያቺ ሰባኛዋ ኳስ አልመጣችም፤ የመታኋት ሌላ ኳስ መቶ ክንድ እንኳ ሳትርቅ ከዛፎች መካከል ገባች። ወጣቱ ሣቁን እንደ ምንም ውጦ፥ «ጋሼ፥ እዚህ እኮ ሁለተኛ ኳስ የለም» አለኝ።

ይህ ቃል ብዙ ቀን ከልቡናዬ አልወጣም። እውነትም በሜዳው ላይ እያንዳንዱ ምት ብቸኛ ነው፤ ሰው በረጅሙ ዱላ አንድ ጊዜ ይመታል፥ ከዚያ ብዙ ርምጃ ይሄዳል፥ ከዚያ በሌላ ዱላ፥ በሌላ ሣር ላይ፥ በሌላ ነፋስ ውስጥ አንድ ጊዜ ይመታል። እኔ ግን በምንጣፉ ላይ ስለማመደው የሰነበትሁት፥ ስልሳ ዘጠኝ ጊዜ አንድን ነገር ከመታሁ በኋላ ያንኑ ነገር በሰባኛው ጊዜ እንዴት እንደምመታው ነበረ፤ እንዲህ ያለ ፈተና ደግሞ በጎልፍም ሆነ በኑሮ ለማንም ቀርቦ አያውቅም።

አርስጣጣሊስ የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ተብሎ በሚጠራው ድርሳኑ በሁለተኛው ክፍል፥ ሰው ቤት በመሥራት ቤት ሠሪ፥ ክራር በመምታት ክራር መቺ እንደሚሆን ሁሉ፥ የጽድቅን ሥራ በመሥራት ጻድቅ እንደሚሆን ያስተምራል። ይህን ቃል ስለ ልማድ የሚናገር ሰው ሁሉ ያነሣዋል። እዚያው አጠገቡ ያለውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ ፈላስፋው ጥሩውም መጥፎውም ክራር መቺ የሚገኘው ከዚያው ክራር ከመምታት ነው ብሎ ጨምሯልና። እንግዲህ ድግግሞሽ በራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ እንደ ክረምት ዝናም ስንዴውንም እንክርዳዱንም ያበቅላል። የቅዱስ ያሬድን ትል ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ከዛፉ ጫፍ የደረሰችውን ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ ይባላል። ተራኪዎቹ ግን የአወዳደቋን ቍጥር ሲቈጥሩ እንጂ፥ በመጨረሻው ጊዜ እግሯን ከወዴት እንዳሳረፈች ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ያንኑ ልሙጥ ልጥ ደጋግማ ብትረግጥ ኖሮ ያሬድም ከዛፉ ጥላ ሥር እስከ ዛሬ በተቀመጠ ነበር። ይህን ስል ትውፊቱን መንቀፌ አይደለም፤ ትውፊቱን የምንሰማበትን ጆሮ መንቀፌ ነው።

በዘመናችን የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ነገሩን በሚዛን አይተውታል። በ1978 ኬርና ቡዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የስምንት ዓመት ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው ትንሽ ከረጢት ወደ ዒላማ እንዲወረውሩ አደረጉ፤ አንዱ ወገን ዘወትር ከ3 ጫማ ርቀት ሲለማመድ፥ ሌላው ወገን አንድ ጊዜ ከ2፥ አንድ ጊዜ ከ4 ጫማ ርቀት ተለማመደ እንጂ ከ3 ጫማ ከቶ አልወረወረም። በመጨረሻ ሁሉም ከ3 ጫማ ሲፈተኑ፥ ከዚያ ርቀት ተለማምደው የማያውቁት፥ በዚያው ርቀት ሲለማመዱ ከሰነበቱት በልጠው ተገኙ። በማግሥቱ ዓመት ሼይና ሞርጋን የተባሉ ሌሎች ሁለት ደግሞ፥ በተለያየ ቅደም ተከተል ትንንሽ የእንጨት መከላከያዎችን በእጅ መጣልን ሰዎችን ሲያስተምሩ፥ ለአንዱ ወገን ሦስቱን ቅደም ተከተል አንዱን ከጨረሰ በኋላ ሌላውን እያስጀመሩ፥ ለሌላው ወገን ግን ሦስቱን እያቀላቀሉ ሰጡ። በልምምዱ ሰዓት በተራ የተማረው ወገን ፈጣን፥ በቅልቅል የተማረው ዘገምተኛ ነበረ፤ ከ10 ቀን በኋላ ተመልሰው ሲፈተኑ ግን የዘገየው ወገን በለጠ።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ ሲሞንና ብዮርክ የተባሉት በ2001 ያሳተሙት ነው። እነዚህ እንዲህ ባለ ሁለት መንገድ ሰዎችን ካለማመዱ በኋላ፥ ‹‹ነገ ስትፈተኑ ምን ያህል የምታውቁት ይመስላችኋል?›› ብለው ጠየቁ። በተራ የተለማመዱት፥ ሥራው በእጃቸው ሲቀላጠፍ ስላዩ፥ ከሌሎቹ የተሻለ እናውቀዋለን አሉ፤ በነጋው ግን ወደ ኋላ የቀሩት እነርሱ ሆኑ። በዚህ ስፍራ ሥነ ልቡናና ትምህርተ ሃይማኖት መንገድ ላይ ተገናኝተው የሚሳሳሙ ይመስለኛል። አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱ ያሉት ይህ አይደለምን? ልዩነቱ፥ እኛ ውዳሴ ከንቱ ከሰው አፍ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል፤ እነሆ ግን ከገዛ ክንዳችን መቀላጠፍ ሊመጣ ይችላል። ልምምዱ ስላማረ ትምህርቱ የጸና ይመስለናል፤ ስሕተታችንን ከዐይናችን የሰወረውን ሰዓት የዕድገታችን ሰዓት ብለን እንጠራዋለን።

ምክንያቱም እንዲህ ይመስለኛል። አንድን ምት ደጋግሞ የሚመታ ሰው፥ ከሁለተኛው ጀምሮ ማሰቡን ይተዋል፤ የፊተኛው ምት አሳብ ገና በጅማቱ ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ስላለ ያንኑ ይዋሳል እንጂ አዲስ አያዋጣም። ዱላ ለውጦ፥ ዒላማ ለውጦ፥ ተመልሶ ወደ ፊተኛው ሲመጣ ግን ረስቶታልና እንደ ገና ከልቡናው ጓዳ ቈፍሮ ማውጣት አለበት፤ የሚጸናውም ቈፍሮ ያወጣው ነው። መርሳት የትምህርት ጠላት መስሎን ስንሰድበው፥ ለካ የትምህርት ሞግዚት ኖሯል። ይህ ነገር ለቅኔ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም፤ የዜማ ተማሪ የተሰጠውን ዜማ ሳያዛንፍ ሲደጋግም፥ የቅኔ ተማሪ ግን በየዕለቱ ከሰው ተለይቶ አዲስ ቅኔ ይቈጥራል፥ ለመምህሩም ነግሮ ይታረማል፥ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያመጣ መሣቂያ ይሆናል። ሁለቱም ቤቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር መኖራቸው አባቶቻችን ድግግሞሽ የሚገባበትንና የማይገባበትን ለይተው ያውቁ እንደ ነበረ ያሳያል፤ በሜዳ ያለን ሰዎች ግን ቅኔውን በዜማ ሥርዐት ልንማር እንደክማለን።

ስለ ድካም ከተነሣ የቤን ሆጋንን ታሪክ ማለፍ አይገባም። ይህ ሰው በ1912 በቴክሳስ ተወልዶ፥ በዘጠኝ ዓመቱ አባቱ ራሱን ስላጠፋ በድህነት አድጎ፥ ገና በልጅነቱ በፎርት ወርዝ ከተማ የተጫዋቾችን ዱላ እየተሸከመ ጨዋታውን ተማረ። በ1930 የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ለገንዘብ ከሚጫወቱት ጋር ተቀላቀለ፤ ለብቻው ተወዳድሮ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው ግን በ1940 ነው። በእነዚህ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ገንዘቡ አልቆ ወደ ቤቱ የተመለሰባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ያን ሁሉ ዘመን ኳሱ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ያሳፍረው ነበር። በዘመኑ እንደ እርሱ የተለማመደ አልነበረም ይባላል፤ መደጋገም ብቻ የሚያድን ቢሆን ኖሮ ሆጋን በ1933 በዳነ ነበር። የዳነው የእጁን አያያዝና የክንዱን አዟዟር አንድ በአንድ እየመረመረ፥ ኳሷ የምትጠማዘዝበትን ምክንያት ፈልጎ ባገኘ ጊዜ ነው። በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ፥ ሚስቱን ለማዳን በላይዋ ተወርውሮ አጥንቱ ተሰባብሮ፥ ሐኪሞች ዳግመኛ መራመዱን በተጠራጠሩበት ሰዓት፥ ያ ምርመራው ከእርሱ ጋር ነበረ፤ ከ16 ወር በኋላ፥ በሰኔ 1950፥ እግሮቹ በፋሻ ተጠቅልለው በሜሪዮን ሜዳ የአሜሪካን ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ በ1953ም ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ሦስቱን በአንድ ዓመት ወሰደ። ሰው ይህን ሲሰማ የጽናቱን ብዛት ያደንቃል። እኔ ግን የጠየቀውን ጥያቄ አደንቃለሁ፤ ‹‹ስንት ኳስ መታሁ?›› ሳይሆን ‹‹ይህች ኳስ ለምን ሳተች?›› የሚል ነበረና።

ይህ ጥያቄ ወደ ንስሐ ያመጣኛል። ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ ‹‹አባቴ፥ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ›› ብቻ ብሎ ዝም የሚል ሰው፥ እውነት ቢናገርም ምንም አልተናዘዘም፤ ብልህ የንስሐ አባትም ‹‹ምን አደረግህ? መቼ? በማን ላይ?›› ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ በዚህ አያሰናብተውም። ጥቅል ኑዛዜ የትዕቢት የመጨረሻ መሸሸጊያ ነው። በሜዳም ‹‹ዛሬ አልሆነልኝም›› የሚል ተጫዋች እንዲሁ ነው፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ተነሥታ ወደ ግራ ታጠፈችን? ወይስ ወደ ግራ ተነሥታ በዚያው ሄደች? ከምድር በፊት ተመታችን ወይስ ከምድር በኋላ? ይህን ያልተናገረ ሰው የሚቀበለው ቀኖና የለውም። ኑዛዜው ዝርዝር ሲሆን እንኳ መካሪው ሊሳሳት ይችላል፤ ለብዙ ዘመን የጎልፍ መምህራን ኳሷ የምትነሣበትን አቅጣጫ የሚወስነው የዱላው ጕዞ ነው እያሉ በመጻሕፍት ሲያስተምሩ ኖረው፥ የበረራውን መሥመር የሚለካ ራዳር በመጣ ጊዜ ግን፥ በአብዛኛው የሚወስነው ኳሷ በተመታችበት ቅጽበት የዱላው ፊት ወዴት እንደ ዞረ መሆኑ ታወቀ። ስንቱ ትጉህ ተማሪ ባልሠራው ኃጢአት ንስሐ ሲገባ፥ የሠራውን ግን ሳይነካው ዕድሜውን ጨርሷል!

ስሕተትን መቍጠር ሲነሣ የቦቢ ጆንስ ነገር ይታወሰኛል። በ1925 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር በተደረገው የአሜሪካ ታላቅ ውድድር፥ ጆንስ በረጅም ሣር ውስጥ ሊመታ ሲሰናዳ ኳሱ ጥቂት ተንቀሳቀሰች። እርሱ ካልሆነ በቀር ያየ አልነበረም፤ ዳኞቹም ጠይቀው መንቀሳቀሷን የሚመሰክር ሰው አላገኙም። እርሱ ግን በራሱ ላይ አንድ ምት ጨመረ፥ በዚያም ምክንያት ሊያሸንፍ የሚችለውን ውድድር በእኩል ነጥብ ጨርሶ፥ ዳግመኛ በተደረገው መለያ በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎች ስለ እውነተኛነቱ ባመሰገኑት ጊዜ፥ ይህማ ሰውን ባንክ ስላልዘረፈ እንደ ማመስገን ነው ብሎ መለሰ ይባላል። ሲያልፍ የሚነገር መልካም ታሪክ ነው፤ ለእኔ ግን ታሪኩ ስለ ውድድር ሳይሆን ስለ ልምምድ ነው። በሕዝብ ፊት አንዲት ምት ያልደበቀ ሰው፥ ብቻውን በነበረበት ሰዓት ስንት ሺሕ ምት ሳይደብቅ ኖሮ ይሆን?

ከዚህ ላይ አንድ ምእመን ቢቃወመኝ ተገቢ ነው። ‹‹ድግግሞሽን እንዲህ ካቃለልህ፥ መቍጠሪያ ይዘን 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የምንለውን ምን ልትለው ነው?›› ይለኛል። ጌታ በወንጌል አሕዛብ ቃል በማብዛት የሚሰሙ እንደሚመስላቸው ተናግሮ እነርሱን እንዳንመስል አዝዟል፤ ቤተ ክርስቲያንም ደጋግመን እንድንለምን አዝዛለች፤ ሁለቱ ትእዛዛት አይጣሉምን? ለዚህ መልስ የምሰጠው በዕውቀት ሳይሆን በኀፍረት ነው። ጣቶቼ ከአርባ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ልቤ የቤት ኪራይ ሲያሰላ ያገኘሁት ስንት ጊዜ ነው! ያን ጊዜ ያልሁት አንድ እግዚኦታ ነው፥ አርባው የእርሱ ጥላ ነው። እንደማስበው የታዘዝነው አንዱን ልመና አርባ አንድ ጊዜ እንድናስረዝመው ሳይሆን አርባ አንድ ጊዜ እንድንጀምረው ነው፤ እያንዳንዱም የመጀመሪያው፥ ምናልባትም የመጨረሻው ሆኖ ሊባል ይገባዋል። በእርግጥ ጸሎት የእጅ ሙያ አይደለም፤ የሚለመነው አምላክም በምታችን ማማር የሚደነቅ ተመልካች ስላልሆነ ምሳሌው እስከ ዳር አይዘልቅም፥ እንዲዘልቅም አልጐትተውም። ልቡና የሌለበት ቍጥር ቅርጫት ባዶ ከማድረግ እንደማይለይ ግን በጣቶቼ አውቄዋለሁ።

ደግሞ የጎልፍ ሰው ሁሉ ሳያውቀው መናፍቅ ነው ስል ወዳጆቼ ይሥቃሉ። በዐምስተኛው መቶ ዓመት መባቻ ከብሪታንያ የመጣ ፔላግዮስ የተባለ መነኵሴ፥ ሰው በገዛ ፈቃዱና በገዛ ትጋቱ ከኃጢአት ንጹሕ ሆኖ ሊኖር ይችላል ብሎ አስተማረ፤ አውግስጢኖስ የፈቃድን ሕመም ከራሱ ሕይወት ያውቅ ነበርና አጥብቆ ተከራከረው፥ ትምህርቱም በ431 በኤፌሶን ጉባኤ ጭምር ተወገዘ። እንግዲህ ሰውየው በመለማመጃው ምንጣፍ ላይ ሲቆም ፍጹም ፔላግዮሳዊ ነው፤ ጥቂት ቢተጋ ስሕተት ከእርሱ ፈጽሞ የሚርቅ ይመስለዋል። ከሜዳው ሲወጣ ደግሞ አውግስጢኖሳዊ ሆኖ፥ ከውድቀት በኋላ ክንዱ ሁሉ የተበላሸ መሆኑን እያለቀሰ ይናገራል። ሁለቱንም በአንድ ቀን መሆን አድካሚ ነው። እኔ የምመርጠው፥ ስሕተት እስከ መቃብር አብሮኝ እንደሚሄድ አውቄ፥ ዛሬ ግን የትኛው ስሕተት እንደ ሆነ መጠየቅን ነው፤ ነፋሱ ያሳተውንና እኔ የሳትሁትን ለይቼ፥ የነፋሱን ለነፋሱ ትቼ።

በዚህ አሳብ ልምምዴን ከለወጥሁ እነሆ ሁለት ክረምት አለፈ። መቶ ኳስ መግዛት ትቼ 40 ብቻ እገዛለሁ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ከኳሷ ወደ ኋላ ሦስት ርምጃ ሄጄ፥ ዒላማዬን በቃል እጠራለሁ፤ ያቺ ዛፍ፥ ያ ቀይ ሰንደቅ፥ ያ የአሸዋ ጕድጓድ ዳር። በአንድ ዱላ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አልመታም፤ በአሳቤ እውነተኛውን ሜዳ እየዞርሁ ከረጅሙ ወደ አጭሩ፥ ከአጭሩ ወደ መካከለኛው እሄዳለሁ። ከቅርጫቱ እኩሌታውን ለአጫጭር ምቶች አውለዋለሁ፥ ውጤቱን የሚያከብዱት እነርሱ ናቸውና። ወጣቱም ከየምቱ በኋላ ይመክረኝ የነበረውን ትቶ፥ በዐሥር ኳስ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲናገረኝ ተስማማን፤ ሁልጊዜ ድምፅ የሚሰማ ተማሪ የገዛ እጁን መስማት ይተዋልና። ከዚያም በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ፤ ያልኋት ቦታ የደረሰች አንድ መሥመር፥ የሳተች ደግሞ ወዴት እንደ ሳተች። ልምምዱ ከቀድሞው ይልቅ አስቀያሚ ነው። ‹‹ዛሬስ ያዝሁት›› ያልሁበት ቀን አላስታውስም።

ባለፈው ቅዳሜ ከ40 ኳሶች ያልኋቸው ቦታ የደረሱት ዘጠኝ ነበሩ። ወጣቱ ደብተሬን በትከሻዬ በኩል አይቶ፥ «ያቺ ከሰንደቁ አጠገብ ያረፈችው እኮ ለጥቂት ናት፤ ይቍጠሯት ጋሼ» አለኝ። ዘጠኝ ብዬ ጻፍሁ።